ሦስት ሊትር ውሃ

እንግዲህ ስለ አያ ልንገራችሁ።

አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። በእኛ አገር፣ በጃቢ ጠህናን ገጠር፣ ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፤ እኔም እስካሁን ጠርቼው አላውቅም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አለችው። ያቺን መኪና በቀኝ እግሩ ሲመታት አርባ ዓመት አልፎታል። ተቀምጦ ሲሠራ ብታዩት ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ የደረጀ፣ ድምፁ የሞላ ሰው ነው። ነገሩ የሚገለጠው ከመቀመጫው ሲነሳ ነው።

ሱሪውን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። በግራ ጭኑ ላይ፣ ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል መጣፊያ አለች። አያ ሲራመድ በግራ መዳፉ ያቺን ቦታ ወደ ኋላ ይጫናታል። ካልተጫናት ጉልበቱ እጥፍ ይልበታል፤ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የፊተኛው የጭን ጡንቻ የለማ። አንድ እርምጃ፣ አንድ መጫን። ከቤቱ እስከ በረንዳው፣ ከበረንዳው እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ለዘመድ ለቅሶ እስከ ቡሬ ድረስ ሲሄድ እንዲሁ። ጨርቁ ዓመት ሳይሞላው እዚያች ቦታ ላይ ይሳሳል። ስለዚህ አያ አዲስ ሱሪ ለራሱ ሲሰፋ መጣፊያዋን ከመጀመሪያው ቀን ይደርባታል። ገና ያልተቀደደ ሱሪ ጥፎ የሚለብስ ሰው ከእሱ በቀር አላየሁም።

እናታችን እንዳጫወተችን አያ ክፉኛ የታመመው በ1958 ዓ.ም. ክረምት፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ማታ እየቦረቀ የነበረ ልጅ ሌሊቱን በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አደረ። ትኩሳቱ ሲለቀው እግሩንም ይዞት ሄደ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ልምሻ መታው» አለ። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸው። ጸበል ወሰዱት። እናታችን ስድስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ በጀርባዋ አዝላዋለች፤ ከዚያ በኋላ ከበዳትና አወረደችው። አያ አጥር ለአጥር እየያዘ ሲውል ሲውል፣ አንድ ቀን አጥሩን ለቅቆ መዳፉን ጭኑ ላይ አደረገ። ማንም አላስተማረውም። መራመድ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ሐኪሞች ፖሊዮ የሚሉት፣ የጤና ጥበቃ ሰዎችም «የልጅነት ልምሻ» ብለው የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ያሳዘነኝ ነገር ካደግሁ በኋላ ያወቅሁት ነው። አያ በታመመበት ዓመት ክትባቱ በዓለም ላይ ከተገኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የዮናስ ሳልክ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1955 ይፋ ሆኗል፤ በአፍ የምትሰጠው የአልበርት ሳቢን ጠብታም ተከትላ መጥታለች። በአገራችን የልጆች ክትባት በፕሮግራም የተጀመረው ግን በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በጎጃም ገጠር የተወለደ ልጅ ከልምሻ የሚጠብቀው ዕድሉ ብቻ ነበር። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ሲታወጅ በራዲዮ ሰማሁና አለቀስሁ። ያ ቫይረስ ሄደ ተባለ፤ እሰየው። በሽታው ይዟቸው የነበሩት ግን አሁንም እዚሁ አሉ፤ ስድሳውን እየተሻገሩ ነው። ስለ እነሱ እርጅና ሲነገር የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው።

አያ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ከተማ ገባ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ፍኖተ ሰላምን በድሮ ስሟ ወጀት ይሏት ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሮ ቁልፍ በመትከል ጀመረ፤ የስፌት መኪና ገዛ፤ ሚስት አገባ፤ አራት ልጆች አስተማረ። በእነዚያ ዓመታት ስለ እግሩ ሲያማርር አልሰማሁትም። ጠንካራ ነበር። የከሰል ካውያውን ከነፍሙ በአንድ እጁ አንስቶ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ እንደ ላባ ነው የሚቀለው።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ጊዜ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሌሊቱን ጭምር የሚሠራበት። ያ ወቅት ሲያልፍ አያ እንደ ወትሮው አልተመለሰም። ከበርጩማው ሲነሳ የመኪናዋን ጠርዝ በሁለት እጁ መያዝ ጀመረ። ደኅና የነበረው ቀኝ እግሩ ይዝለዋል። ግራው በቀትር ፀሐይ እንኳ ይቀዘቅዘዋል። በጥቅምት ብቻ ሦስት ጊዜ ወደቀ። «እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ» አለ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። የሰው ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከመቶ ሦስት እስከ ስምንት እጅ እንደሚቀንስ፣ ከስድሳ በኋላ ደግሞ እንደሚብስ፣ መድኃኒቱም መንቀሳቀስ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። እውነት ነው። እኔም ይህንኑ ይዤ በየንጋቱ እየቀሰቀስሁት ወደ ላህ ወንዝ አቅጣጫ አስኬደው ጀመር። «በርታ አያ! ትንሽ ጨምር!» እለዋለሁ። እሱም ታናሹን ላለማሳፈር ይጨምራል። በዘጠነኛው ቀን መንገድ ላይ ተዘረረ። ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረደም፤ ሲወርድም ከበፊቱ የባሰ ሆኖ ነው። እናታችን ብትኖር ምን ትለኝ ነበር እያልሁ ስንት ሌሊት አደርሁ።

በጥር በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። ያየችን ፊዚዮቴራፒስት የልጅ ልጁ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። አላቻኮለችውም። ሱሪውን ሰብስባ ሁለቱንም ጭኑን በሜትር ለካች። «አባባ፣ ልምሻው ሲይዝዎ ስንት ዓመትዎ ነበር? ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ደኅና ኖሩ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ መጣፊያዋን አየች። በጣቷ ነካ አድርጋ «ይቺ ብዙ ሠርታለች» አለች። አያ ፈገግ አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምትለውን ሁሉ እንደሚሰማት አወቅሁ።

የነገረችን ይህ ነው። የልምሻ ቫይረስ ጡንቻውን ራሱን አይገድልም። የሚገድለው በአከርካሪ ውስጥ ሆነው ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ነው። አዛዡ የሞተበት የጡንቻ ክር ሥራ ፈትቶ ይመነምናል። ከሞት የተረፉት ሕዋሳት ግን ዝም አይሉም፤ አዲስ ቅርንጫፍ እያበቀሉ ወላጅ አልባ የሆኑትን ክሮች ይይዛሉ። አንዱ የራሱን ይዞ የብዙ ሟቾችን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ብዙ ልጆች ከልምሻ በኋላ የሚያገግሙት በዚህ ነው። ይህ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይዘልቃል። ከዚያ እነዚያ የደከሙ ሕዋሳት ቅርንጫፎቻቸውን አንድ በአንድ ይጥላሉ። አዲስ ድካም፣ አዲስ ሕመም፣ ብርድ አለመቻል ይመጣል። ልምሻ ከያዛቸው ከመቶ ሰዎች ከ25 እስከ 40 የሚሆኑት በኋለኛው ዘመናቸው ይህ እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ደኅና ነው የምንለው እግርም ሳይታወቅ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ የአያ ቀኝ እግር እንደዚያው ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ አያ ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ዳንግላን ስናልፍ በመስኮት እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ገባኝ። ጎረቤቱ የሞተበት ገበሬ ነው። የራሱን ማሳ አርሶ ሲጨርስ የሟቹንም ያርሳል፤ ልጆቹ እንዳይራቡ። በዚያው ጥንድ በሬ። አርባ ዓመት አረሰ። አንተ ደግሞ መጥተህ በሬዎቹን በጅራፍ ገረፍሃቸው።»

ምንም አልመለስሁም። ትንሽ ቆይቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«በሬውን ግን አስሮ ማዋልም አይሆንም» አለ። «ሥራ የፈታ በሬ ቀንበር ይረሳል።»

ልጅቱም ያለችው ይህንኑ ነበር። ተቀመጥ አላለችም፤ ሩጥም አላለችም። ልምሻ በጽኑ የመታውን ጡንቻ ክብደት አያሸክሙትም፤ እንዳይደርቅና እንዳይታጠር ብቻ ያንቀሳቅሱታል። ኃይል የሚገነባው በተረፈው ላይ ነው፤ በክንድ፣ በትከሻ፣ በጀርባ፣ በሆድ፣ በደኅናው እግር። እሱም ቢሆን ዝሎ እስኪወድቅ አይደለም። መለኪያውን እንዲህ ነገረችው፦ «አባባ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሲነሱ ከወትሮው የባሰ ከደከመዎት፣ ትናንት አብዝተዋል ማለት ነው። ይቀንሱ።» የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኞችንም ጨምሮ ለአዋቂዎች ሁሉ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። አካል ጉዳተኛ ጭምር መባሉ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር የተጎዳን ሰው የምናከብርበት መንገድ «አንተ አትልፋ፣ ተቀመጥ» ማለት ነው። በፍቅር ነው የምንለው። በዚያ ፍቅር ስንቱን ከአልጋ ጋር እንዳቆራኘነው ሳስብ ይከፋኛል።

አያ ሥራውን በራሱ ዕቃ ጀመረ። ለመነሳት መለማመጃ በርጩማውን ወሰደ። ዝቅ ካለ መቀመጫ መነሳት ስላቃተው ከካኪ ጣቃው ቆርጦ ስምንት ጊዜ አጠፈና በርጩማው ላይ ደለደለው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በቀኝ እግሩ ኃይል አምስት ጊዜ ተነሳ፣ አምስት ጊዜ ተቀመጠ። አረፈ። ደገመ። በቃ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሠርቶ አንዲት እጥፍ አነሳ። ስምንት እጥፍ ሰባት ሆነ። ዳኛው ጨርቁ ነው፤ ማታለል አይቻልም።

ለክንዱ ጀሪካን አመጣ፤ ባለ ሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሚዛን አያስፈልግም። በአንድ ሊትር ጀመረ። ተቀምጦ፣ ከወገቡ እስከ ትከሻው፣ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ማውረድ። ሲቀለው ግማሽ ሊትር ይጨምራል። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስሮ ወደ ደረቱ ይስባል። ግራ እግሩን ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ወዲህና ወዲያ ያንሸራትተዋል፤ አምስት ጊዜ ብቻ፣ ያለ ምንም ክብደት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው በእርጋታ።

የሚሠራበት ቀን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆነ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እስከ ቀትር ሆዱ ባዶ ነው፤ ያኔ ያርፋል። ምግብ ነገር ላይም አሰበበት። በዕድሜ የገፋ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን አንድ ግራም፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይፈልጋል ይላሉ አዋቂዎቹ፤ ጡንቻ ከአየር አይሠራም። የእኛ አገር ገበታ ደግሞ በቆሎ ይበዛበታል፤ በቆሎ ብቻውን ለዚህ ሥራ አይበቃም። በሁዳዴ ሥጋውም ወተቱም እንቁላሉም የለ። ስለዚህ ምሽቱ ሽሮውን ወፈር አድርጋ መሥራት፣ ባቄላና ምስር ከገበታ እንዳይጠፋ ማድረግ ያዘች። አያ ኪስ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ጠፍቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነገሩ ቀለለው፤ ክንዱ ግን አልወፈረም። ገርሞት በስልክ ሲጠይቃት ልጅቱ እንዲህ አለችው፤ መጀመሪያ የሚማረው ነርቭ ነው፣ ያሉትን ክሮች አስተባብሮ ማዘዝ ይለምዳል፤ ሥጋው የሚከተለው በኋላ ነው። በሽምግልና ይህ ይሆናል ወይ ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮን የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት አለ። ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ ዘጠና የሆነ አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ሥልጠናውን የጨረሱት የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ዘጠና ዓመት! እነሱ ልምሻ የነካቸው አይደሉም፤ የአያ መንገድ ከእነሱ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግን ሥጋ በሽምግልናም ትእዛዝ እንደሚሰማ ለማወቅ ይበቃል።

አያ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ የአበበ ቢቂላን ፎቶ ሰቅሏል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የተነሳውን አይደለም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት ይዞ ነው። ደንበኛው ሁሉ «ይህ ማነው?» ይላል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ አበበ ከአንገቱ በታች ሳይንቀሳቀስ ቀረ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ቆይቶ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም። በዓመቱ በዚያው በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚሳብ በረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ዓለም የሚያውቀው እግሩን ነው፤ አያ የሚወደው ክንዱን ነው። «ያልሠለጠነበትን ክንድ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሀ ብሎ ጀመረ» ይለኛል፣ ጀሪካኑን ወደ ትከሻው እየሳበ።

በስድስት ወሩ ጀሪካኑ ሞላ፤ ሦስት ሊትር። በርጩማው ላይ ያሉት እጥፎች አምስት፣ ሦስት፣ አንድ እያሉ ሄደው በሁለተኛው ዓመት ጨርቁ ወደ ጣቃው ተመለሰ። ግራ እግሩ አልተለወጠም፤ ያው ቀጭኑ፣ ያው ቀዝቃዛው ነው። በሦስት ጣት አጭር ስለሆነ ጫማ ሰፊው ሶሉ ላይ ጎማ ደርቦ ከፍ አደረገለት፤ ወገቡ በዚህ ተረፈ። ምርኩዝም ያዘ። ዕድሜ ልኩን እምቢ ያለውን ምርኩዝ የያዘው ከጠነከረ በኋላ ነው። «ድሮ ብይዘው ተሸነፍሁ እል ነበር፤ አሁን መዳፌን ለማሳረፍ ነው» አለ። የመጣፊያዋ ጨርቅ ዓመት ከመንፈቅ መቆየት ጀመረ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ጦርነት ስለገባ ባሕር ዳር መመላለስ ቀረ። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት፣ ስልክም በሌለባቸው ቀናት፣ አያ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜን አላጓደለም። ጀሪካኑ ቤት ነው፤ በርጩማው ቤት ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ በርበሬው በየግቢው ቀልቶ በተሰጣበት ሰሞን፣ በረንዳው ላይ ነበርሁ። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ በሁለት ክራንች መጣ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ጂንስ ሱሪ ከፌስታል አውጥቶ መኪናዋ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቀኟን ቆርጠህ ዝጋልኝ።»

አያ እንዴት እንደሆነ አልጠየቀውም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጎንበስ አለና ለካው። ሱሪውን ገለበጠው፣ ስፌቱን ዳሰሰው።

«አልቆርጠውም ልጄ። ወደ ውስጥ አጥፌ በላላ ስፌት እይዘዋለሁ። ሰው ሠራሽ እግር ስታሠራ ክሩን ስበህ ትፈታዋለህ።»

ልጁ ሱሪውን አየ፤ ከዚያ አያን አየው፤ ከዚያ የአያን ግራ ጭን፣ መጣፊያዋን። ምንም አላለም።

አያ የካኪውን ጣቃ ከመደርደሪያው ሳበ። በመቀሱ ቆረጠ። አንድ ጊዜ አጠፈ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈ፤ እየቆጠረ ስምንት ጊዜ። በርጩማው ላይ ደልድሎ ጠርዙን በመዳፉ አስተካከለ። ከዚያ የልጁን ክራንች ተቀብሎ ከግድግዳው ጋር አስደገፈና ክንዱን ዘረጋለት።

«በል፣ እኔን ያዘኝና ተቀመጥ» አለው። «ስትነሳ ግን እኔን አትያዘኝም።»